የኦርፋ ኩስኬ ዓሦች

“ራስዎ እንደፈጠሩት እርግጠኛ ነዎት ግን፣ እማማ ኦርፋ? ከሆነ ቦታ አይተውት እንዳይሆን” አለች ሮንዳ፣ የጨዋታውን ሳንቃ እያገላበጠች።

ኦርፋ ኩስኬ የዓሦቹን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ካርቶን ስትቆርጥ፣ ዓሣ ስትስል፣ ሳንቃ ስትበሳ ኖራ፣ በሰባ ስምንት ዓመቷ ሌባ ልትባል ነው! የሚያናድደው ደግሞ፣ እስከ ትናንት ድረስ ጨዋታዋን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

“ከየት ነው የማየው?” አለች። “እኔ ሱቅ የምሄደው ስኳር ልገዛ ነው። የሠራሁት ሐይቃችንን ነው፤ ለመሆኑ ሐይቁ ከመቼ ወዲህ ነው ባለቤት ያወጣው?”

“አይቆጡ እንጂ! ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ጥላዬንም አላምን። ይኸው የዓሦቹ ጀርባ ላይ እንኳ የቁርስ እህል ፋብሪካ ስም አለ።”

“የቁርስ እህል ካርቶን ነዋ! በምን ልሥራው፣ በወርቅ?”

ደብዳቤው የመጣው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነበር። በዚህች የሰሜን ዊስኮንሲን ከተማ፣ ሐይቁ በብርድ ረግቶ ድንጋይ በሚሆንበት በየካቲት፣ ሰው ሁሉ እሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ተሰብስቦ ቀኑን የጠረጴዛ ጨዋታ ሲጫወት ይውላል። ለዚህ በዓል በየዓመቱ አንድ መልክ ይሰጡታል፤ አንዴ የባሕር ወንበዴ፣ አንዴ ጠፈር። ዘንድሮ በዓሉን የሚያዘጋጀው የጨዋታ ክለብ ሊቀመንበር ሮንዳ አንድ ዝነኛ የዘንዶ ፊልም መረጠች። የፊልሙን ሥዕል ከነስሙ ማስታወቂያ ላይ ለጠፈች፣ አርባ ሁለት ቲሸርትም አሳተመች። የፊልሙ ጠበቃ “ስማችንንም ሥዕላችንንም አውርዱ፤ አለዚያ ፍርድ ቤት እንገናኛለን” ብሎ ጻፈ። ማስታወቂያው ወረደ። ቲሸርት መጣል ግን የሐይቁ ሰው አይሆንለትም። ገልብጦ ለበሰው። ዛሬ አዳራሹ በሙሉ ስፌቱ በውጭ ነው።

“ማን ነገረብን?” የሚለው ወሬ ከደብዳቤው እኩል ከተማ ገባ። ዓይን ሁሉ ኦርፋ ላይ ዐረፈ። በመከር ስብሰባ ላይ “የሰው ሥዕል ሰርቃችሁ ግድግዳ ላይ ትለጥፋላችሁ” ብላ የተናገረች እሷ ነበረቻ! እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ዘንዶው ሲታገድ ዓሦቿ ትዝ አሏቸው።

ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ሳንቃው በረዶ ነው፣ ቀዳዳዎቹ የመንጠቆ ማውረጃ ናቸው። ትልቁን ዓሣ አንድ ሰው ብቻውን አያወጣውም። ተቀናቃኙን ለምኖ በሁለት መንጠቆ ነው የሚጎትተው። ያችን ሕግ ያወጣችው፣ ከባሏ ከኤልመር ጋር በረዶው ላይ ተንበርክከው አንድ ዓሣ ሲታገሉ በዋሉ ማግስት ነበር። ኤልመር ከሞተ ወዲህ በዚህች ከተማ “የኦርፋ” የሚባል ሌላ ነገር የላትም።

ሮንዳ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። “እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ። እንድንጫወትበት ፈቅደዋል ነው የሚለው፣ ሌላ የለውም።”

“አንብቢልኝ። መነጽሬን ረስቻለሁ።”

መነጽሯ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ብታደርገውም ማንበብ ያቅታታል። ከሦስተኛ ክፍል ወጥታ ላም ልታልብ የገባች ሴት ናት። ስለዚህም የራሷ ሥርዓት ነበራት፤ ሁለት አፍ ያላነበበውን ወረቀት አትፈርምም። ሁለቱ አፎችም መነጋገር የለባቸውም።

ሮንዳ አነበበች። ፈቃድ፣ በዓሉ፣ ቀኑ፣ ምስጋና። ኦርፋ በእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጣት አጠፈች። አራት።

“መልካም። ላስብበት” ብላ ወረቀቱን ነጠቀቻትና ሣጥኗን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሄደች። የጣቢያው አዛዥ ዴልበርት ቋሊማ እየገለበጠ ነበር። ቲሸርቱን እሱም ገልብጦታል።

“ዴልበርት፣ እጅህን ጥረግና ይህን አንብብልኝ።”

“ምን ተገኘ ደግሞ? ባለፊልሞቹ አንቺንም ከሰሱሽ?”

“አፍህን ለንባቡ ቆጥበው።”

ዴልበርት አነበበ። ኦርፋ እንደገና ጣቶቿን አጠፈች። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። በአምስተኛው ላይ የዴልበርት ድምፅ ቀነሰ። “‘የጨዋታው ስም፣ ሥዕልና ሕግ ሙሉ በሙሉ የክለቡ ንብረት ይሆናል። ሠሪዋ ያለ ክለቡ ፈቃድ ሌላ አትሠራም፣ በሌላ ቦታም አታጫውትም።’ ኧረ ኦርፋ! ከልጅ ልጆችሽ ጋር ለመጫወት ልታስፈቅጂ ነው እንዴ?”

ሮንዳ ከኋላዋ ደርሳ ነበር። ፊቷ ቀልቷል።

“የጠየቅሁት ጠበቃ ነው እንዲህ ያለኝ። ባለቤቱ በጽሑፍ ካልታወቀ ነገ ሌላው ይወስደዋል አለኝ። ለእርስዎም ብዬ ነው። በኋላ ላስረዳዎት ነበር።”

“ከፈረምኩ በኋላ?”

ሮንዳ እስክሪብቶዋን በጣቶቿ መካከል አሽከረከረች።

ኦርፋ ትኩር ብላ አየቻት። ልጅቷ ውሸታም ትሁን ፈሪ መለየት አቃታት። ሣጥኗን ታቅፋ ወደ ቤቷ ብትሄድ የሚከለክላት አልነበረም። ነገር ግን አርባ ሰው ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው፣ ዓሦቹም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ጠብቀዋል። ደግሞም ሦስት መስመር መዝለል የምታውቅ ሰው፣ ሌላም ወረቀት ላይ ዘልላ ይሆናል።

“የባለፊልሞቹን ደብዳቤ ካንቺ በቀር ያነበበው አለ?”

“ምን ያደርግልዎታል?”

“ዴልበርት፣ አንተ አንብበኸዋል?”

“እኔ? ‘አውርዱ አሉን’ ስትለን አወረድን” አለ ዴልበርት፤ መቆንጠጫውን አስቀመጠ።

ሮንዳ ወለሉን አየች። “ደብዳቤው የማስታወቂያውንና የቲሸርቱን ፎቶ ከኔው የኢንተርኔት ገጽ እንዳገኙት ነው የሚለው” አለች በሹክሹክታ። “የለጠፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ማንም አልነገረም። ሰው እርስዎን ሲጠረጥር ዝም አልኩ፤ በዓሉን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ።”

ኦርፋ የዓሦቹን ሣጥን አንሥታ ወንበር ላይ አኖረችና ተቀመጠችበት። እስክሪብቶ ከሮንዳ እጅ ወሰደች። ሦስቱን መስመሮች ዴልበርት በጣቱ እያሳያት አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። አልፈረመችም ግን።

“ለኔ በጆሮዬ መንገርሽ ምን ይጠቅመኛል? እኔማ እንዳልተናገርኩ አውቃለሁ” አለች። “ያውልሽ ማይክሮፎኑ። ደብዳቤውን ይዘሽ ውጪና ከላይ እስከ ታች አንብቢላቸው። ስትጨርሺ ጨዋታውን የሠራችው ኦርፋ ኩስኬ ናት በዪ፣ ከነሙሉ ስሜ። ያኔ ከሣጥኑ ላይ እነሣለሁ። ዴልበርት፣ አንተ ከኋላዋ ቁም፤ አንዲት መስመር ብትዘል ከመጀመሪያው ታስጀምራታለህ።”