የወተት ጣሳው ፊያት

ዶክተር ሔሩይ በአዳራሹ በር ሲዘልቁ ወንድሜነህ አቧራ ይጠርግበት የነበረውን ጨርቅ ኪሱ ውስጥ ወሸቀና ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለ። የሚያስተምርበት ኮሌጅ ዲን ናቸው። ሁለት እንግዶች አስከትለዋል።

ሮማናት አደባባይ አቅራቢያ የተከፈተው የእጅ ሥራ ወዳጆች ኤግዚቢሽን ሁለተኛ ቀኑ ነበር። አንዱ ከእንጨት ወፍ ቀርጾ፣ ሌላው ቴምብር ሰብስቦ መጥቷል። ወንድሜነህ ያመጣት ባለ ተሳቢ ፊያት ኤንትሬ፣ ክንድ የምታህል የጭነት መኪና ናት። ጋቢናዋን ከወተት ዱቄት ጣሳ ቀጥቅጦ፣ ጎማዎቿን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጦ፣ ባሌስትራዋን ከሰዓት ሞላ ደራርቦ ሲሠራት ስምንት ወር ፈጅታበታለች። ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታትስቲክስ የሚያስተምር የሃምሳ ዓመት ሰው ቅዳሜና እሑድ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ እንደሚውል ለባልደረቦቹ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ውስጥ የብየዳ ቤት ያላት ፍሬወይኒ ለምና ለምና ነው ያመጣችው። እሷ ከጎኑ የራሷን ትንንሽ አውቶቡሶች ደርድራለች። እሱ ግን ስሙ እንኳ እንዲጻፍ አልፈቀደም።

"ወንድሜነህ! አንተም እዚህ አለህ?" አሉ ዶክተር ሔሩይ።

"በዚህ ሳልፍ ልይ ብዬ ነው፣ ዶክተር።"

ሰውየው መኪናዋ ላይ ጎንበስ አሉ። "እንዴት ታምራለች! የማን ሥራ ናት?"

አፉ ከልቡ ቀደመ። "የእሷ ነው" አለ፣ በአገጩ ወደ ፍሬወይኒ እያመለከተ።

ፍሬወይኒ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ይለምናታል። "እ... ሞከርኩ እንግዲህ" አለች ድምፅዋ ሰልሎ።

"እቺ ከተሳቢው ሥር በሽቦ የተንጠለጠለችው እንጨትስ ምንድን ናት?"

"እሷን... እሷን መምህር ያውቃል።"

ሦስቱም ወደ ወንድሜነህ ዞሩ። ማወቁንስ ያውቃል። ታኮ ናት። አባቱ በአሰብ መንገድ ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ነበር። የጣርማ በር ዳገት ላይ መኪናው አቅም ሲያጥረው ዘሎ እየወረደ ከጎማው ኋላ ታኮ የሚወሽቀው እሱ ነበር። ሁለት ጣቱንም እዚያው ትቷቸዋል። ወንድሜነህ ግን ለጠየቀው ሁሉ "አባቴ ነጋዴ ነበር" ሲል ነው የኖረው።

"አላውቅም" አለ።

ዶክተር ሔሩይ ፍሬወይኒን ከመኪናዋ አጠገብ አቁመው ፎቶ አነሷት፤ ጨብጠዋትም ወጡ። እሷ እጇን በሽርጧ ጠረገችና አውቶቡሶቿን አለቦታቸው ታንቀሳቅስ ጀመር።

"ፍሬወይኒ፣ በጣም..."

"ተወው ሓወይ፣ ተወው ወንድሜ፣ ዋሸሁልህ፤ አለቀ።" ከዚያ ግን አላስቻላትም። "ባሌ ሞቶ ብየዳውን ስይዝ ሰፈሩ ሁሉ ስቆብኛል። ሴት በያጅ እያሉ ልጆች ይከተሉኝ ነበር። እኔ አላፈርኩም። አንተን ማን ሳቀብህ?"

የሳቀበት ሰው አልነበረም። ጆሮው ድረስ እየጋለ ከአዳራሹ ወጣ።

ዶክተር ሔሩይ እንግዶቻቸውን መኪና ውስጥ ሲያስገቡ ደረሰባቸው።

"ዶክተር፣ እንጨቷ ታኮ ናት።"

"ምን?"

"መኪናዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። ታኮዋ የአባቴ ናት። ረዳት ነበር።"

ዶክተር ሔሩይ በሩን እንደያዙ አዩት። "ነጋዴ ነበር ያልከኝ መስሎኝ።"

"ብያለሁ።"

"እና ይሄን ሁሉ ለምን?"

"አፍሬ ነው።"

"በመኪናዋ ነው ወይስ በአባትህ?"

አደባባዩ ላይ የታክሲ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ተሳፋሪ ይጣራል። የወንድሜነህ ዓይን ረዳቱ ላይ ቀረ። ዶክተር ሔሩይ "ሰኞ እንገናኝ" ብለው ገቡ። ሲሄዱ እንግዶቹ በኋላው መስተዋት ዞር ብለው አዩት። ዶክተሩ ሲነግሯቸው ነው፣ አለ በልቡ።

ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በስተግራ ነበር። እሱ ግን ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት መኪናዋ ላይ አጎንብሰው ፍሬወይኒን ይጠይቃሉ። "ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ በሩ ይከፈታል እንዴ?"

ፍሬወይኒ ወንድሜነህን አይታ ፊቷን ወደ አውቶቡሶቿ አዞረች።

"ይከፈታል እናቴ" አለ ወንድሜነህ። "የሠራኋት እኔ ነኝ።"

ከግድግዳው ሥር ወንበር ሳበና ከጠረጴዛው ኋላ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ የገባ ሁሉ በሚያየው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ገና እየነደደ ነበር።