የኢንጂነሩ የተራ ድልድል

ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን የአራሚዋ ኮምፒውተር ቀጥ አለ። ስክሪኑ መሃል አንዲት ክብ ነገር ብቻ ትሽከረከራለች።

«ማነው ደግሞ ቪዲዮ የከፈተው?» አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለቤቱ በሙሉ።

ፀጉሯን አስተካክላ፣ መነጽሯን ወልውላ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠች ግማሽ ሰዓት ሆኗታል። በሦስት ሰዓት ተኩል የአሳታሚ ድርጅቱ ዋና አዘጋጅ በቪዲዮ ሊፈትኗት ቀጠሮ አላቸው። መጽሐፍ ማረም ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏል። አሁን ለአንድ ቦታ ሦስት ሰዎች ተጠርተዋል፤ የተላከላት ደብዳቤም በሰዓቱ ላልተገኘ ቀጠሮው እንደማይታደስ ቁርጡን ነግሯታል።

ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ አራት፣ ኢንተርኔቱ አንድ ነው። አንዱ ኮምፒውተር የእሷ ነው። ሁለተኛው የልጇ ነው፤ ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ግማሹን የምትከታተለው ከመኝታ ቤቷ ነው። ሦስተኛው የአማቷ ነው፤ እሳቸው በሰባ አራት ዓመታቸው የአንድ ሐኪም ቪዲዮ መከታተል ጀምረው፣ ዛሬ ስለ ጉልበት የማያውቁት ነገር የለም፤ ከወንበር መነሣት ብቻ ነው ያቃታቸው። አራተኛው የባሏ ታናሽ ወንድም ኮምፒውተር ነው። እሱን ኢንጂነሩ ይሉታል። ምሕንድስና አልተማረም። አንድ ጊዜ የተበላሸ ካውያ ጠገነ፤ ካውያው በሳምንቱ ተጣለ፣ ስሙ ግን ቀረ።

ትናንት አራቱም በአንድ ጊዜ «ኮኔክሽን የለም!» ብለው ሲጮሁ፣ መላ ያመጣው ይኸው ኢንጂነር ነበር።

«ተራ አወጣላችኋለሁ» አለ። «ራውተሩ ላይ ሰዓቱን እሞላለሁ። ራሱ ለባለተራው ይከፍታል፣ ለሌላው ይዘጋል። ጭቅጭቅ የለ፣ ኩርፊያ የለ!»

ለእሷ የጠዋቱን፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሰጣት። ለራሱ የከሰዓቱን፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወሰደ።

«እማዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለች ልጅቷ ከክፍሏ ብቅ ብላ። «የእኔም ተዘግቷል።»

«የእኔም ሐኪም አፉን እንደከፈተ ቀርቷል» አሉ አማቷ። «ምን ሊል እንደነበር እግዜር ይወቀው።»

ከኢንጂነሩ ክፍል የመኪና እሽቅድድም ጩኸትና ሳቅ ተሰማ። «እትዬ! ዛሬ እንዴት እንደሚፈጥን ብታዪ! ተራ ማውጣት ማለት ይሄ ነው!»

አራሚዋ በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው። «የማን ተራ ነው አሁን?»

«ያንቺ ነዋ!»

«ታዲያ ለምንድን ነው ላንተ የሚሠራው?»

መልሱን ያገኘችው ከኋላ የቆመችው ልጅቷ ናት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አጎቴ፣ ራውተሩ እኮ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው! የእሱ ዘጠኝ ሰዓት የእኛ ሦስት ሰዓት ነው!»

ኢንጂነሩ በጣቶቹ ቆጠረ። ስድስት ደመረ፣ ስድስት ቀነሰ። «እና የእትዬ ተራ መቼ ሆነ?»

«ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት!»

«ያኔማ ማንም አልነካባትም» አለ፤ እንደ መጽናኛ።

አራሚዋ ዕድሜዋን የሰው ስሕተት ስታርም ኖራለች። ይሄኛውን ግን በምን ቀለም እንደምታሰምርበት አላወቀችም። «አሁኑኑ አስተካክለው!» አለች።

«እንዳትነካኩብኝ ብዬ የይለፍ ቃሉን ትናንት ቀየርኩት።»

«ምን ብለህ?»

«ከባድ አደረግሁት።»

«እኮ ምን ብለህ?»

«ከባድ ነበር» አለ ኢንጂነሩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆነ። የእሱ ኮምፒውተር ካሜራ የለውም። የስልክ ኔትወርክ እንደሆነ በዚህ ሰፈር ከድምፅ አልፎ ቪዲዮ ተሸክሞ አያውቅም።

«ገመድ!» አለች ልጅቷ። «በገመድ ከሆነ ተራው አይሠራም፣ በቀጥታ ነው። ግን እማዬ...» አልጨረሰችውም። ራውተሩ ያለው የአባቷ የሥራ ክፍል ውስጥ ነው። ገመዱ ደግሞ ከጠረጴዛው አያልፍም። አባቷ ካረፈ ወዲህ እዚያ ክፍል አቧራ ለማራገፍም የምትገባው ልጅቷ ብቻ ናት።

አማቷ ቀና ብለው አራሚዋን አዩዋት። «ይቅርብሽ ልጄ። ሥራ ሌላም ይገኛል።»

«አይቀርም እማማ» አለችና ኮምፒውተሯን አነሣች።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ወረቀቶች ሳታነብ ወደ ጎን አደረገቻቸው። ወንበሩ ለእሷ ከፍ ይላል። ማውረጃው በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለች፤ አልነካችውም። የእግሯ ጣቶች ብቻ ወለሉን እየነኩ ተቀመጠችና ገመዱን ሰካች። ክቧ ጠፋች።

ዋና አዘጋጁ ከች አሉ፤ የሸሚዛቸው ቁልፎች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ጊዜ አላባከኑም። አንድ ገጽ ላኩላትና በውስጡ ያሉትን አራት ስሕተቶች ያውጡ አሏት። ከበሩ ውጭ «ዝም በል!»፣ «አንቺው ዝም በይ!» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል። አልዞረችም።

«አምስት ናቸው» አለች።

«አራት ነው ያስገባነው።»

«አምስተኛው መመሪያው ላይ ነው። ‹የሚከተሉትን ገጽ› ይላል፤ ገጹ አንድ ነው።»

ዋና አዘጋጁ መመሪያውን አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ሳቃቸውን ለመመለስ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ዓይናቸው ከእሷ ትከሻ በላይ አለፈ።

«ከኋላዎ ያለው መደርደሪያ ያስቀናል» አሉ። «የባለቤትዎ ነው? እሳቸውም በሙያው ውስጥ ናቸው?»

ድምፃቸው አጠገቧ የተቀመጡ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። አራሚዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ይቅርታ፣ ተቆራረጠብኝ» አለች። «ኢንተርኔቱን ለአራት ነው የምንጠቀመው።»

ዋና አዘጋጁ መደርደሪያውን ትተው እሷን አዩ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ሰኞ መጀመር ይችላሉ ወይ ነበር ያልኩት» አሉ።

«ይሄኛው ደህና ተሰማኝ» አለች።