ኖርማን ይወደው የነበረው ቦታ

ግሌንዳ ጠዋት ተነስታ ውሻውን ወደ ጓሮ አስወጣች፤ ሻይ አፍልታ ፔርሙዙን ሞላች፤ ዳቦ ጠብሳ ማርማላታ ቀባች። ዝናብ አልነበረም፤ ነፋስ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ባሕር ዳርቻ ነፋስማ ሁልጊዜ አለ። የጎማ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ውሻውን አስከትላ፣ ከመንደሩ ጀርባ ያለው የአፈር ግድብ ላይ ወጣች። በአንድ በኩል ባሕሩና ጭቃው፣ በሌላው በኩል ላሞች የሚግጡበት ዝቅተኛ መስክና የመንደሩ ቤቶች ይታያሉ። ግድቡ ላይ ከተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ተቀመጠች፤ ሻይዋን ቀዳች፤ ከዚያም እንደ ልማዷ ባሏን መስደብ ጀመረች።

"የጋራዡ በር ዛሬም አልዘጋም አለኝ። 'ነገ አየዋለሁ' ብለህ ሞትክ። ነገ መቼ ነው ኖርማን?"

ኖርማን አልመለሰም። በሕይወት ሳለም እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመልስም ነበር። አሁን ግን በቂ ምክንያት አለው፤ ከወንበሩ ሥር፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው።

ኖርማን የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ የግድቡ ተከላካይ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ ግድቡን ቆርጦ ባሕሩን ወደ መስኩ ሊያስገባ፣ ቦታውንም እንደ ጥንቱ ረግረግ አድርጎ ለሕዝብ መናፈሻ ሊከፍተው ማሰቡን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። "ባሕርን በር ከፍቶ 'ግባ፣ ቤት ለእንቦሳ' የሚል ማዘጋጃ ቤት የት አገር ታይቷል?" ይል ነበር። ጭቃ ይጠላል። ወፍ ይጠላል። ነፋሱን ከሁሉ አብልጦ ይጠላል። ግድቡ ላይ የሚወጣው ሐኪም ተራመድ ስላለው ብቻ ነበር፤ እሱንም እያጉረመረመ።

ሲሞት ግሌንዳ እንደ አገሩ ልማድ በስሙ ወንበር አሠራችለት። ወንበሩ ላይ የሚለጠፈውን የናስ ሰሌዳ የሚቀርጸው ሰው "ምን ልጻፍ?" ሲላት ሌሎቹ ወንበሮች ላይ ያነበበችው አፏ ላይ መጣ፦ "ይህን ቦታ ይወድ ለነበረው ለኖርማን ፐርኪስ።" እዚያ ግድብ ላይ ስሙ የተጻፈ ሟች ሁሉ ይህን ቦታ ይወድ ነበር። ካፖርታቸውን እስከ አፍንጫቸው ቆልፈው ሲወዱት መኖራቸው ነው እንግዲህ።

አመዱን በተመለከተ ግን ኖርማን ራሱ ተናዞ ነበር። "አቃጥለሽኝ ስታበቂ ከጭቃው በስተቀር የፈለግሽበት አድርጊኝ" ብሏታል። በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል ደረቅ ቦታ ግድቡ ብቻ ስለሆነ፣ ግሌንዳ ከጎረቤቷ ከቤሪል ጋር ሆና ማንንም ሳታስፈቅድ እዚያው ቀበረችው።

ውሻው ጮኸ። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች ወጣት ወደ እነሱ እየመጣች ነበር፤ ታምዚን ናት፣ የረግረጉ ሥራ መሐንዲስ።

"እንደምን አደሩ ወይዘሮ ፐርኪስ? እርስዎን ነበር የምፈልገው።"

"እዚያ ጋ ያለውን ያደረገው የኔ ውሻ አይደለም።"

"ኧረ ለሱ አይደለም። ግድቡን የምንቆርጠው እዚህ ነው። ልክ እርስዎ የተቀመጡበት ላይ። እስካቫተሩ ሰኞ ይገባል። ወንበሩን ግን አንጥለውም፤ ረግረጉ መሐል በምንሠራው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ምርጡን ቦታ ይዤለታለሁ። ባለቤትዎ ቦታውን ምን ያህል ይወዱት እንደነበር ሰሌዳው ላይ አንብቤያለሁ።"

ግሌንዳን ሻዩ ትን አላት። ሳሏ ሲበርድላት ወደ ቦት ጫማዋ እያየች ጠየቀች፦

"ልጄ፣ ስትቆፍሩ ከሥር አንድ ነገር ብታገኙስ?"

"የጥንት ሸክላ ከሆነ እንጨፍራለን። የሰው አፅም፣ የሰው አመድ፣ እንደዚያ ያለ ነገር ከሆነ ግን አለቀልን። ፖሊስ ይመጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ ሥራው ይቆማል። የኅዳር ማዕበል ደግሞ እኛን ቆሞ አይጠብቅም። ወደ መንደሩ ጠጋ ብለን የሠራነው አዲሱ ግድብ አልቋል፤ ግን ውሃው መስኩ ላይ ተንጣሎ ጉልበቱ ካልደከመ፣ ይህን የሰነጠቀ አሮጌ ግድብ ጥሶ፣ አዲሱንም ዘልሎ ዘንድሮም እንደ ያኔው ቤት ለቤት ይዞራል።"

ያኔ፣ ኖርማን በሕይወት ሳለ፣ ባሕሩ ቤት ለቤት ሲዞር መጀመሪያ የገባው ቤሪል ቤት ነበር። ፍሪጇ ተንሳፍፎ የማድቤቱን በር ዘጋባት፤ ውሃው የደረሰበት መስመር እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ። ኖርማን በቦቱ ገብቶ ዙሪያውን ካየ በኋላ፣ ጥፋቱ የግድቡ ሳይሆን የፍሪጁ ነው ብሎ ፈርዷል።

ግሌንዳ ቤሪል ማድቤት ሄዳ፣ ከመስመሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ ታምዚን ያለችውን ነገረቻት።

"አንድ ቃል ብትተነፍሺ ሥራው ይቆማል ማለት ነው?" አለች ቤሪል።

"ይቆማል።"

ቤሪል የታጠበ ሳህን መልሳ አጠበች። "ታዲያ እንተነፍሳለን ወይስ እንቆፍራለን?"

"አውጥተን ቤት እንወስደዋለን።"

"ይሁን። እኔ ደግሞ ሲሞት ከሱ ጣጣ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።"

በማግስቱ ጠዋት ግሌንዳ የአበባ መኮትኮቻዋን፣ ቤሪል ጭልፋዋን ይዘው ወጡ።

"በጭልፋ ነው የምትቆፍሪው?"

"ሾርባዬን አንድ ቀን ቀምሶልኝ አያውቅም፤ ጭልፋውን ይቅመስ።"

ብዙ አልቆዩም፤ መኮትኮቻው ቆርቆሮ ነካ። ግሌንዳ ተንበርክካ በሁለት እጇ ያዘችውና ሳበችው። ክዳኑና ጎኑ መጣ። ሥሩ አልመጣም። ጨዋማው እርጥበት በልቶ ወንፊት አድርጎታል። ውስጡ ግራጫ አፈር ነበር፤ ጉድጓዱም ውስጥ ግራጫ አፈር፤ የቱ ግድብ የቱ ኖርማን እንደሆነ የሚለይበት መንገድ አልነበረም።

"ወጥቶ ሄዷላ!" አለች ቤሪል።

"እስከ ዛሬ ታዲያ ባዶ ቆርቆሮ ነው ስሰድብ የኖርኩት?"

"ግድቡን ነበር የምትሰድቢው። እንዲያውም ለዚህ ነው የሰነጠቀው።"

ግሌንዳ ሳቀች። ከዚያ እጇን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተችና አፈሩን ትንሽ አቆየችው።

"ሰላም ነው? ምን ጠፋባችሁ?" ታምዚን ከኋላቸው ቆማለች።

"ብስኩት" አለች ቤሪል።

ታምዚን ቆርቆሮውን አየች፤ ጉድጓዱን አየች፤ የናስ ሰሌዳውን አየች። ሞኝ ልጅ አልነበረችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ወይዘሮ ፐርኪስ፣ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?" አለች።

አለ ብትል ግድቡ ይቆያል፤ ኖርማንም በግድቡ፣ ወንበሩም በቦታው፣ ሻዩም በየጠዋቱ። ግሌንዳ ወደ ቤሪል ዞረች። ቀብር ላይ እንኳ አፏ ያላረፈው ቤሪል፣ ጭልፋዋን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ባሕሩ ታያለች።

"የለም" አለች ግሌንዳ። "የባሌ ቆርቆሮ ነው። ሳያካፍለኝ ጨርሶት ሄዷል።"

ታምዚን ወደ ጉድጓዱ ቀረበች። "ጉድጓዱን እኔ እደፍነዋለሁ" አለችና ጎንበስ ብላ ቀስ እያለች በእጇ ደፈነችው።

ግድቡ የተቆረጠ ቀን መንደሩ ጃንጥላና ታጣፊ ወንበር ይዞ ወጣ። እስካቫተሩ የመጨረሻውን አፈር አንስቶ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ባሕሩ መጀመሪያ እንደ እንግዳ እያፈረ፣ ቀጥሎ እንደ ባለቤት ገባ። ሰው አጨበጨበ። ግራጫው አፈር እየተናደ ቀለጠና መስኩ ላይ ተበተነ።

"ዋና አይችልም ነበር አይደል?" አለች ቤሪል።

"አይችልም። አውቶቡሱን ይዞ ቢገባ ይሻለው ነበር።"

ቤሪል ክንዷን ከግሌንዳ ክንድ ጋር አቆላለፈች፤ ግሌንዳም ነፋሱ ነው እያለች አፍንጫዋን ጠረገች።

ኅዳር ላይ ማዕበሉ መጣ። መስኩ ላይ ተንጣሎ፣ ተንከባሎ፣ አዲሱ ግድብ ሥር ሲደርስ ትንፋሹ አልቆ ነበር። የቤሪል ፍሪጅ ከቦታው አልተነቃነቀም። በጸደይ መተላለፊያው ተከፈተ። የሕፃን ጋሪ የሚገፉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ፣ ወፍ የሚያዩ፣ የሚያስነጥሱ ሰዎች ሞሉበት። ወንበሩ እንደተባለው ምርጡን ቦታ አግኝቷል፤ በሦስት በኩል ጭቃ፣ በአራተኛው ወፍ።

አንዲት ጎብኚ ሰሌዳውን አንብባ፣ "እንዴት የታደሉ ሰው ናቸው! እዚህ ቦታ ፍቅር ይዟቸው ነበር ማለት ነው" አለች።

"በጣም" አለች ግሌንዳ። "አሁንም አልወጣም።"

ጎብኚዋ ስትሄድ ፔርሙዙን ከፍታ ሻይዋን ቀዳች። የጋራዡን በር ነገር ልትጀምር ጎንበስ አለች። ከወንበሩ ሥር ሳንቃ አለ፤ ከሳንቃው ሥር ውሃ ይሄዳል። ሻይዋን ጠጣች።

የጋራዡ በር አሁንም አይዘጋም። ከወንበሩ ሥር ኖርማን የለም።