የጾመኞቹ ጣሳ

ከአጥሩ ወዲያ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ካሳዬ ከፍራሹ ላይ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ እንጂ!» አለው ጎረቤቱ አብዱልሃኪም፣ የኮቱን ጫፍ ይዞ። «ሐዘንተኛ ነህ እኮ። የት ልትሄድ ነው?»

የት እንደሚሄድ እሱም አያውቀውም። ተመልሶ ተቀመጠ። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ግቢውን ከትምህርት ቤቱ በሚለየው ቆርቆሮ አጥር ሥር ነው። ወዲያ ማዶ የልጆቹ ጣሳ ይንኳኳል። ሌላ ጊዜ ሚስቱ በለጠች ወተቱን እስክትቀዳላቸው ይንኳኳና ጸጥ ይላል። በለጠች ግን ሰኞ ራሴን ብላ ተኛች፤ በዚያው ቀረች። ማክሰኞ ቀበሯት። ዛሬ ሐሙስ ሣልስቷ ነው፤ ጣሳዎቹም የሚቀዳላቸው ስላጡ ልጆቹ ክፍል እስኪገቡ ዝም አይሉም። ለቀስተኛው ካርታውን ይጫወታል፣ ንፍሮውን ይቆረጥማል። ባሏ ብቻ በየደወሉ ብድግ ቁጭ ይላል።

ርዕሰ መምህሩ ጓድ መድኃኔ ዛሬም መጣ። ለቅሶ ቤት የሥራ ነገር አይነሳምና ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ነበረበት። «በለጠች እኮ እናታችን ነበረች» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ልጆቹም ተጎዱ» አለ። ንፍሮውን እፍኝ አደረገና በመጨረሻ ወደ ካሳዬ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ያ የወተት መጋዘኑ ቁልፍ... እስቲ ቤት ውስጥ ደግማችሁ ብታዩት?»

«ያላየነው ቦታ የለም። የለም፣ ጓድ መድኃኔ።»

«እኔማ አምንሃለሁ። ቀበሌዎቹ ግን ነገ ሰብረን ወተቱን እንመዝናለን እያሉ ነው። የሰው አፍ ደግሞ ታውቃለህ።»

የሰውን አፍማ ካሳዬ ሰምቶታል። ትናንት ከድንኳኑ ጀርባ ሁለት ሴቶች «መጋዘኑ ባይራቆት ቁልፉ ምን ያጠፋዋል?» ሲባባሉ አድምጧል። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ አገር በረሃብ እያለቀ የእርዳታ ወተት ሰረቀች መባል ሬሳን እንኳ ከመቃብር አውጥቶ የሚያዋርድ ስም ነው። እሱን የሚያቁነጠንጠው ግን የሴቶቹ ሐሜት አልነበረም፤ በገዛ ዓይኑ ያየው ነገር ነበር።

አምና አንድ ረቡዕ በለጠች ከነጠላዋ ሥር ጣሳ ደብቃ ገባች። ካሳዬ ክዳኑን ከፈተው። የዱቄት ወተት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የጾመኞቹ ነው።»

«የጾመኛ ወተት ደግሞ የት አገር ነው ያለው?»

«ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙት ልጆች አይጠጡም አይደል? ድርሻቸውን አስቀምጥላቸዋለሁ። መጋዘኑ ውስጥ አይጥ አላስቀምጥ አለኝ፤ እዚህ ይደር ብዬ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታሳስሪን ነው? ቀበሌ ሲጠይቅሽ ስለ አይጥ ልታወሪ ነው? አሁኑኑ አውጪልኝ!»

በለጠች አልተከራከረችም። ጣሳውን ይዛ ወጣች፤ ከዚያ በኋላም ይዛ አልገባችም። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኑን ከእጅጌዋ ላይ አላነሳም። ፒያሳ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጨርቅ ላይ ያለ ነገር አያመልጠውም። ማታ ከሥራ ስትገባ እጅጌዋ ላይ ያ ነጭ ብናኝ ካለ፣ ደጃፍ ላይ አስቁሞ በመዳፉ ይመታዋል። «አራግፊው፣ ሰው ያያል!» ይላታል። እሷ ትስቅበታለች። «ምን ያስፈራሃል? ወተት እንጂ ደም አይደል» ትለዋለች።

ያኔ አላመናትም። አሁንም፣ በሣልስቷ ቀን ፍራሹ ላይ ተቀምጦ፣ ሰርቃ ይሆን እንዴ እያለ ነው። በዚህም በራሱ አፈረ።

ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው ጣሳው እንደገና ሲንኳኳ፣ እትዬ ሓዳስ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው መጡ። የጎረቤት አዛውንት ናቸው፤ በለጠችን የገነዟትም እሳቸው ነበሩ።

«ካሳዬ፣ ይሄን ነገር ይዤው አልድንም» አሉት። «ቁልፉ እሷው ጋ ነው።»

«እሷው ጋ ማለት?»

«ማተቧ ላይ፣ ከመስቀሏ ጋር አስራው ነበር። ስንገንዛት አየሁት። ማተቡ ሳይበጠስ አይወጣም። የሙት ማተብ በእኔ እጅ ይበጠስ? የሳጥኗ ቁልፍ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ትናንት ወሬውን ስሰማ ነው የገባኝ። ከተናገርኩ ደግሞ መቃብሯን ይከፍቱባታል ብዬ ፈራሁ።»

ካርታው ቆመ። ጓድ መድኃኔ አቀረቀረ። ካሳዬ ተነሣ፤ አሁን ማንም ኮቱን አልያዘውም።

«አብዱልሃኪም፣ ከሱቅህ መዶሻ አምጣልኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ነገ እነሱ ከሚሰብሩት ዛሬ እኔው ልስበረው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባዶም ከሆነ መጀመሪያ እኔ ልየው።»

በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡ። ሐዘንተኛ በሣልስት ከድንኳን ሲወጣ ያየ ለቀስተኛ ሁሉ ተከትሎ ወጣ፤ ጣሳ የያዙ ልጆችም ከበቧቸው። ካሳዬ የመጋዘኑን ጓጉንቸር መታው። ደጋግሞ ሳተ። በመጨረሻ ተሰብሮ ወደቀ።

ከረጢቶቹ እስከ ጣሪያው እንደተደረደሩ አሉ። ከማገሩ ላይ ደግሞ በሽቦ የታሰሩ ጣሳዎች ተንጠልጥለዋል፤ አይጥ የማይደርስባቸው ቦታ። ካሳዬ አንዱን አውርዶ ከፈተው። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«የጾመኞቹ!» ብለው ልጆቹ ከበሩ ላይ ጮኹ።

ጓድ መድኃኔ ግንባሩን ያዘ። «ሐሙስ ሐሙስ ለአንዳንዱ ሁለት ሁለት ትቀዳ ነበር። ታዳላለች ብዬ ተቆጥቻታለሁ እኮ!»

«የእኔ ልጅ ፈቲያ በረመዳን ያለፋትን ከኢድ በኋላ የጠጣችው ከዚህ ነበር» አለ አብዱልሃኪም፣ ወደ ጣሪያው እያየ።

እትዬ ሓዳስ ለለቅሶው ሽሮ የተጣደውን የፈላ ውሃ በአጥሩ ቀዳዳ አስመጡ። ካሳዬ ዱቄቱን በጠበጠው፤ ጓጎለበት፤ የጓጎለውን በጣቱ እየፈረከሰ ደግሞ በጠበጠው። ረቡዕ የሚጠጣውም የማይጠጣውም ተሰለፈ። ለጾመኞቹ ሁለት ሁለት ቀዳላቸው። ጣሳዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።

ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ሓዳስ አዩት፤ የጥቁር ኮቱ እጅጌ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኗል። ሐዘንተኛ እንዲህ ሆኖ መቀመጡ ደስ አላላቸውም። የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ሊያራግፉለት ጎንበስ አሉ።

ካሳዬ ክንዱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«ይተዉት» አለ። «ሰው ይየው።»