የየኔታ ድምፅ በዳኘው ኮምፒዩተር

የማንኩሳው የድጓ መምህር መርጌታ ወልደ ሥላሴ ድምፃቸው እንዲቀረጽ እሺ እስኪሉ ድረስ ዲያቆን ባንተአምላክ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቷል። ከመምህራቸው የወረሱትን የዜማ ስልት የሚያውቅ ከእሳቸው ሌላ አልቀረም። መጽሐፉማ አለ፤ ምልክቱም ከቃሉ በላይ ተጽፏል። ምልክቱን አይቶ እንደ እሳቸው የሚያዜም ጉሮሮ ነው የጠፋው። በስተርጅና ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጊዜ «እንግዲህ ቅዳ» አሉት። ግን ክህነት ነበራቸውና ገዘቱት፤ ድምፃቸው በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ፣ ሁለተኛ ቅጂ እንዳይወጣ አሉ። መዝሙር በየመሸታ ቤቱ ከዘፈን ጋር ተደባልቆ ሲጮህ ሰምተው አንገሽግሿቸው ነበር።

ባንተአምላክ ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ እየሄደ በስልኩ ቀዳ። በአዘቦቱ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ዳኘው ቤት ተቀጥሮ ለሰው ፊልም በፍላሽና በሜሞሪ ይጭናል። የቀዳውን እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ያሳርፈዋል፤ ኮፒ ሳይሆን ከት እያደረገ፣ በስልኩ አንዲት ቃል እንኳ ሳያስቀር። ሞኝነት ትሉት ይሆናል። ግዝትን የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ የኔታ ግራ ጎናቸው ተያዘ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ስድስት ተማሪዎች አልበተንም ብለው ቀሩ። ባንተአምላክም ላፕቶፕ ገዝቼ ድምፃቸውን ወደዚያ አዛውራለሁ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ይዤላችሁ እመጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የምትማሩት ከራሳቸው አፍ ነው አላቸው። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ በደህናው እጃቸው ራሱን ዳበሱት።

በዚያው ሰሞን ዳኘው ባንተአምላክን ዕረፍት ነሳው። ገበያው ዳር ያለው ተፎካካሪው አዲስ ተከታታይ ፊልም ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ያስመጣል፤ የዳኘው ቶረንት ግን አንዱን ክፍል ከኢንተርኔት ለማውረድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። «ድጓ የዘለቀ ጭንቅላት ይህቺ ታቅተዋለች?» እያለ በሰው ፊት ያሽሟጥጠዋል። ባንተአምላክ እልህ ያዘውና ኢንተርኔት ላይ ሲያነብ ሰነበተ፤ ገባውም። ቶረንት ማለት አንዱ ያለውን ለሌላው እየቆረሰ የሚሰጥበት ማኅበር ነው። ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ራውተር ግን እንደ ክፉ ዘበኛ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ከደጅ ይመልሳል። ስለዚህ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለቶረንቱ አንድ ፖርት፣ አንዲት በር ከፈተለት። ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሆነ። ዳኘው ግንባሩን ሳመው፤ ባንተአምላክም፣ እውነት ለመናገር፣ ኮራ።

ዳኘው በተከፈተለት በር አምስት ተከታታይ ፊልም በአንዴ አዘዘ። የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ባንተአምላክ ላፕቶፑን ሊያመጣ ቡሬ ወረደ። ከሰዓት ሲመለስ የየኔታ ፎልደር የለም። በየቦታው ፈለገ፤ ቆሻሻ ቅርጫቱን ከፈተ፤ ባዶ ነው። ወደ ዳኘው ዞረ።

«ጋሼ፣ የየኔታ ድምፅ የት ገባ?»

«አጠፋሁታ» አለ ዳኘው፣ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳይነቅል። «ዲስኩ ሞልቶ ፊልሙ ቆመብኝ። ይህን ለሚያህል ነገር ሁለተኛ ቅጂ አታስቀምጥም?»

«ግዝት አለብኝ።»

ዳኘው ሜሞሪ ሊያስጭኑ ወደ ቆሙት ሁለት ሰዎች ዞሮ ሳቀ። «እንግዲያማ ምን ቸገረህ፤ ሂድና ይድገሙልሃ።»

አንደበታቸው መዘጋቱን አሳምሮ ያውቃል። ከጥር ጀምሮ ባንተአምላክ ለጥየቃ ፈቃድ የሚለምነው እሱን አይደል? ሰዎቹም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

ባንተአምላክ ባሕር ዳር ላለ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ደወለ። ሰውየው የጠፋ ፋይል በላዩ ሌላ ካልተጻፈበት ይመለሳል አለው። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ወረደበት ብሎ ጠየቀው፤ ባንተአምላክም ነገረው። «በዚህ ፍጥነት ከሆነማ አልቆለታል» አለ ሰውየው። በድሮው ፍጥነት ቢሆን ግማሹ ይተርፍ ነበር። ባንተአምላክ ይህን ሲሰማ በሩን የከፈተበትን እጁን ጠላው።

በማግስቱ ማንኩሳ ሲደርስ የየኔታ የእህት ልጅ አስካለ ማርያም አዛውንቱን በትራስ ደግፋ አስቀምጣቸዋለች። ስድስቱ ተማሪዎች ድጓቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። የኔታ ላፕቶፑን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ በጣታቸው ወደ ጆሯቸው ጠቆሙ። አሰሙኝ ማለታቸው ነው።

ጠፋ ለማለት አፉ እምቢ አለው። መሣሪያው ለጊዜው እምቢ ብሏል ብሎ ዋሸና፣ እሱ ራሱ የሚያስታውሰውን ማዜም ጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ የኔታ የመደቡን ጠርዝ በጣታቸው መታ አደረጉ። ስተሃል፣ መልሰው ማለት ነው። መለሰው፤ መቱ። ድምፁን ከፍ አደረገው፤ መቱ። ዝቅ አደረገው፤ መቱ። ላቡ በጀርባው ወረደ። ትክክሉ እዚያው ከፊቱ፣ በተዘጋው አፍ ውስጥ ነው ያለው፤ ማን ያውጣው? ስምንተኛው ሙከራ ላይ ጣታቸው ዝም አለ።

ተማሪዎቹ ተስተካከለ ብለው ደስ አላቸው። ያንኑ የተሳተውን ተቀብለው ስድስቱም ባንድ ድምፅ ያዜሙ ጀመር፤ ልጆቹ ጎበዞች ናቸውና በሦስተኛው ዙር ያዙት። ባንተአምላክ አላስቆማቸውም። የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሊያዞሩ ታገሉ፤ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። አስካለ ማርያም ደክሟቸው ነው ብላ አዞረቻቸው።