ጳጉሜን የጣለ አባጋር

ጓድ ሙሀመድኑር የከሚሴ የእርዳታ እህል ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። በወሩ ግን ከእኔ በላይ አዋቂ ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ ቶይባ ባሕር ማዶ ሦስት ዓመት የለፋሁበትን ትምህርት እሱ በሦስት ስብሰባ ጨረሰው በሉኝ። ማሽን አይሳሳትም፣ የሚሳሳት ሰው ነው ይላል፤ ይህንንም የሚለው የሻይ ብርጭቆውን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ነው።

ማሽኑ የወንድም ሶሻሊስት አገር ስጦታ ነው። ራሽን የሚያሰላውን ፕሮግራም ደግሞ የምዕራብ አገር በጎ አድራጊዎች ለሌላ ዓይነት ማሽን ጽፈው የላኩት ነው። ሁለቱ አይግባቡም። ስለዚህ መሃላቸው የሚቆም ሦስተኛ ፕሮግራም ተሠራ፤ ያኛው የሚጠይቀውን ማሽኑ በሚገባው መንገድ ያቀርባል፣ የማሽኑንም መልስ ያኛው እንደለመደው አድርጎ ይመልሳል። የፈረንጁ ፕሮግራም አገሩ ያለ ይመስለዋል። እኔ አባጋር ብዬ ሰየምኩት፤ በእኛ በወሎ ደም የተቃባን የሚያስታርቅ ሽማግሌ አባጋር ነውና። ወላሂ፣ ስም አባከንኩ። አባጋር የሁለቱንም ወገን ቤት ያውቃል፤ ይህን የጻፉት ሁለት የወንድም አገር ባለሙያዎች ግን አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ሰባት ሳምንት ሲቀለቡ ከርመው የዘመን አቆጣጠራችንን እንኳ ሰው አልጠየቁም።

መጀመሪያ ማተሚያው ከየገጹ የመጨረሻ ሁለት ስም ይበላ ነበር። የፈረንጁ ፕሮግራም የለመደው ወረቀት ከእኛው ይረዝማል፤ አባጋር ልኩን አይነግረውም። አገኘሁት፣ አስተካከልኩት። ጓድ ሙሀመድኑር «በእኔ አመራር» ብሎ ለአውራጃ ሪፖርት ጻፈና ተጨበጨበለት። ይሁን፣ ጭብጨባ አይበላም ብዬ ተውኩት።

በጥቅምት ሰማንያ የወጣው ዝርዝር ግን የሚተው አልነበረም። ከጨፋ ሸለቆ የሰባት ቀበሌ ሕዝብ አንድም ሳይቀር ጠፍቷል። ማሽኑ «ተሳስቻለሁ» አላለም፤ ዝም ብሎ ሌላውን አትሞ አረፈ። ሦስት ቀን መዝገብ ሳገላብጥ ሰነበትኩና ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ሰባቱም ቀበሌዎች የተመዘገቡት በጳጉሜ ነው። ክረምቱን ሙሉ ድንኳን ሥር ካርታ ሲጫወቱ የከረሙ መዝጋቢዎች፣ ሪፐብሊኩ በጳጉሜ አምስት ይታወጃልና ከዚያ በፊት ጨርሱ ሲባሉ፣ ልብሳቸው በእሳት እንደተያያዘ ሰው ሸለቆውን ሲሯሯጡበት ሰነበቱ። አባጋርን የጻፉት ሁለቱ ፈረንጆች ደግሞ በውስጡ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የደረደሩት። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣለት ምን ያድርግ? ወርውሮ ይጥለዋል። የሰባት ቀበሌ ሕዝብ ባልነበረ ወር ተመዝግቦ ሲራብ አስቡት። አዲስ አበባ ድረስ ጻፍኩላቸው። መልስ የለም። ፈረንጅ ስለ ጳጉሜ ምን ገዶት፤ ደመወዙን የሚቀበለው በአሥራ ሁለት ወር ነው።

በዚያው ሰሞን ትእዛዝ መጣ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሁሉ ዓርብ በመኪና ተጭኖ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ማክሰኞ አክስቴ ሀጀራ ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ካለው ቀበሌዋ በእግሯ መጣች። የአባቴ እህት ናት፣ በእኛ አፍ አዳዳ እንላታለን፤ የሞተ ልጇን አራት ልጆች የምታሳድገው እሷ ነች። መስኮቱ ሥር ቆማ አከም ጅርታ ብላ ደህንነቴን ጠይቃ ሳትጨርስ ጉዳይዋን ነገረችኝ። ስሜ ካልወጣ ሐሙስ ሌሊት ልጆቹን ይዤ ባቲ ልጄ ጋ እሸሻለሁ፣ የማላውቀው በረሃ ወስደው አይቀብሩኝም አለች። እኔ ተቆጣሁ። ምን ያሸሽሻል፣ እኔ እያለሁ? ስህተቱን አግኝቼዋለሁ፣ ነገ አስተካክለዋለሁ፣ ቤትሽ ተቀመጪ አልኳት። አመነችኝ። አላህ ይጨምርልሽ ብላ ተመለሰች።

ለጓድ ሙሀመድኑር ነገሩን ሳስረዳው ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ሰማኝ። ዘመዶችሽን ልታስገቢ ነው አይደል፣ አለ። ደሜ ፈላ። እኔ እንደሱ የአክስቱን ልጅ የመጋዘን ዘበኛ ያደረግሁ ይመስል! እንግዲያው እይ ብዬ እፊቱ ማልኩ፤ ዝርዝሩ ሲወጣ የማንንም ዘመዴን ስም ላልፈልግ። አስተግፊሩላህ፣ ለማን ብዬ ነው የማልኩት?

ረቡዕ ጄኔሬተሩን አስነስቼ የአባጋርን ሆድ ዕቃ ከፈትኩት። አሥራ ሦስተኛ ወር ጨመርኩለት፤ የጳጉሜን ቀኖች አንድ በአንድ ከፈረንጁ ቀን ጋር አጋባሁ። የማሽን ሥራ ያለ ጥንቃቄ አይሆንምና መዝጋቢዎቹ በችኮላ የማይሆን ቀን ጽፈው እንደሆነ ብዬ፣ በጳጉሜ ውስጥ የሌለ ቀን ካገኘህ ጣለው የሚል መስመር አከልኩበት። እየጻፍኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር። ሁለት ዲግሪ የጫኑ ፈረንጆች ያላወቁትን የከሚሴ ሴት ልጅ በግማሽ ቀን ጨረሰችው አልኩ። ማተሚያው ሲንጣጣ አመሸ፤ ሸለቆው በሙሉ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ከሺህ በላይ አባወራ ነው፣ ማን ይቆጥራል? የአዳዳን ስም ልፈልግ እጄ ተዘረጋና መሐላዬ ትዝ አለኝ። ጓድ ሙሀመድኑር ከጀርባዬ ቆሟል። ወረቀቱን አጣጥፌ ሰጠሁት፤ ኩራቴ እንዳይነካ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጣቢያው ሜዳ ላይ መኪኖቹ ተደርድረው ሰው ሲጫን፣ ሁለተኛው ላይ አዳዳን አየኋት። ትንሿን ልጅ አቅፋ፣ ሦስቱን ቀሚሷን አስይዛ ተቀምጣለች። ያልሸሸችው እኔን አምና ነው። ወደ ቢሮ ሮጬ መዝገቡን ገለጥኩ። የእሷ ቀበሌ አርባ አንድ አባወራ ነው፤ በጳጉሜ አምስት መዝጋቢዎቹ ለሪፐብሊኩ ሰልፍ ስለተጠሩ፣ በነጋታው ተመልሰው ነው የመዘገቡት። ቀኑ በጉልህ ቀይ ተጽፏል። ጳጉሜ ስድስት።

ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ ስድስት እንደምትሆን ከሚሴ ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም። ሰባ ዘጠኝ ደግሞ ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት ነበር፤ እኔም በዚያች በስድስተኛዋ ቀን ልብስ ሳጥብ ውያለሁ። ፈረንጆቹ ወሩን አላወቁትም፤ እኔ የማውቀውን ወር አምስት ላይ ቆርጬ፣ ለተቆረጠው ቀን ደግሞ ጣለው ብዬ አዝዣለሁ። በዚህ መስመር የፈረንጅ እጅ የለበትም።

መዝገቡን አቅፌ ወደ ሜዳው ሮጥኩ። የሰፈራው አስተባባሪ እንቅልፍ ያጣ፣ ድምፁ የሰለለ ሰው ነው፤ ከሌሎቹ አይከፋም። አርባ አንዱ አባወራ ተመዝግበዋል፣ በስህተት ነው የቀሩት ብዬ ቀኑን አሳየሁት። መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ከጎኑ የቆመውን ጓድ ሙሀመድኑርን አየ።

«ስሚኝ» አለኝ። «ስህተቱ ያንቺ ከሆነ እዚሁ ፈርሜ አወርዳቸዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ለደህንነት መልስ ትሰጫለሽ። የማሽኑ ከሆነ ግን የወንድም አገር ስጦታ ነው፤ አዲስ አበባ ሳይጻፍ እኔ አልነካውም። የማን ነው?»

ጓድ ሙሀመድኑር ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። ያ ፈገግታ ባይኖር እውነቱን እናገር ነበር እላለሁ አንዳንዴ፤ ውሸቴን ነው። ደህንነትን ፈርቻለሁ። ከደህንነት ይልቅ ግን በዚያ ደደብ ፊት ተሳሳትኩ ማለት ሞት ሆነብኝ። ምላሴ ሳምንታት የለመደውን አወጣ።

«የፈረንጆቹ ነው» አልኩ።

አስተባባሪው ይጻፍላቸዋ ብሎ መዝገቡን መለሰልኝና ለሾፌሩ እጁን አነሳ። አዳዳ ከላይ ሆና ሁሉን ሰምታለች። አልተቆጣችኝም። ወደ ጎረቤቷ ዞራ «አላልኩሽም? የኔ ልጅ ጥፋት የለባትም» አለቻት። ከዚያ ነጋቲ ቱሪ፣ በሰላም ቆዪ አለችኝና ትንሿን ልጅ ከአቧራው በነጠላዋ ሸፈነቻት። መኪናው በካራቆሬ መንገድ ሄደ።

ቢሮ ተመልሼ አምስትን በስድስት ቀየርኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አርባ አንዱም አባወራ በዝርዝሩ ወጡ፤ ሀጀራ አደም፣ አምስት ነፍስ፣ የወሩ ስንዴ ስልሳ ሁለት ኪሎ ተኩል።