የተፈቀደላት ወንበር

የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ጣራው ላይ ይከማችና ተመልሶ ሰው አንገት ላይ ይንጠባጠባል። እዚያ ልብስ የምትተኩሰውን ሴት ሁሉም “ተኳሿ” ይሏታል። ሹፌሮቹ በበሩ ባለፉ ቁጥር “ዛሬስ ስንት ጣልሽ?” እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም “ሸሚዝ አልማርክም፣ ያገኘሁትን ሁሉ ነው የምዘርረው” ትላቸዋለች።

ከጎኗ አንሶላ የሚያጥፉት እትዬ ናቸው። ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ፣ ሰው ፊት መቅረብ ባስጠላት ሰሞን፣ እጇን ይዘው ቤተ ክርስቲያን የወሰዷት እሳቸው ነበሩ። ብዙ አልመከሯትም። አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ስታለቅስ ነጠላቸውን ጣል አደረጉባት፤ በቃ።

የክፍሉ አለቃም የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እሑድ በር ላይ ቆሞ “እህቴ፣ ሰላም ነሽ?” እያለ የሚቀበላት ሰው፣ ሰኞ ሰላምታዋን በግንባሩ ብቻ ይመልስላታል። ክፉ ነው ለማለት ይከብዳል። ታናሽ እህቷ ታማ በተኛች ጊዜ ቤት ድረስ እየተመላለሰ ጸልዮላታል። ሥራ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው እጁ ይተኛል ብሎ፣ ከክፍሉ ወንበር የሚባል ነገር አስወጥቷል።

የተኳሿ እግር ማበጥ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። አንድ ቀን ሕመሙ ሲብስባት የልብስ ቅርጫት ገልብጣ ተቀመጠችበት። አለቃው ደረሰ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ “ምነው፣ ስብከት ልታዳምጪ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?” አላት። ሰዎች ሳቁ። ስትነሳ ቅርጫቱን በእግሩ ገፋ አድርጎት ሄደ። እትዬ ከሸሚዝ ክምሯ ግማሹን አንስተው ወደ ራሳቸው ጠረጴዛ ወሰዱት።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ መጋቢው ስለ ትሕትና ሰብኮ ሲጨርስ፣ ሽማግሌዎቹ የምእመናንን እግር እንዲያጥቡ ጠየቀ። ሳፋና ፎጣ መጣ። ተኳሿ ከፊት ረድፍ ነበረች፤ እሷ ዘንድ የደረሰው አለቃዋ ሆነ። ተንበርክኮ ካልሲዋን ራሱ አወለቀላት። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። እሱ እያየው በቀስታ አጠበው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። “እህቴ፣ በጌታ እወድሻለሁ” አላት።

ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ፣ “ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከሚያደርጉልኝ፣ ነገ መቀመጫ ይፍቀዱልኝ” አለችው።

እጁ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። “የሥራውን በሥራ ቦታ እንነጋገራለን።”

እግሯን ከሳፋው መዥረጥ አድርጋ አወጣች። ውሃው ሱሪው ላይ ፈሰሰ። እርጥብ እግሯን ጫማዋ ውስጥ ከትታ፣ መዝሙሩ ሳያልቅ ወጣች።

እስኪመሽ ወሬው ተዛመተ። ሽማግሌ ላይ ውሃ ደፋች ተባለ፤ ሌላው ደግሞ በእርግጫ መታችው አለ። ምን ብላው እንደነበር የጠየቃት የለም። መጋቢው ልታገባ ቀን የቆረጠችውን ታናሽ እህቷን አስጠርቶ፣ እንዲህ ያለ ትዕቢት ሳይፈታ ሠርጉን መባረክ ለሽማግሌዎቹም ከባድ እንደሚሆንባቸው በለሰለሰ ቃል ነገራት። ታናሽየዋ እያለቀሰች መጣች። ከእናታቸው ሞት ወዲህ ያሳደገቻት ተኳሿ ናት። “አንድ ቃል ነው” አለቻት። “ተናግረሽው ይለፍልኝ።”

ሄደች። ተኳሿ በተደረደሩት ሽማግሌዎች ፊት ቆማ “ይቅርታ” አለች። አለቃዋ ተነስቶ አቀፋት፣ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ አላት። በሚቀጥለው እሑድ መጋቢው ራሷን ዝቅ ስላደረገች አንዲት እህት ስሟን ሳይጠራ ሰበከ፤ ሕዝቡም አንገቱን እያዞረ አያት።

ከዚያ በኋላ አለቃው አንድ ጠዋት ወንበር ይዞ ገባ። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ኋላ አስቀመጠውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ላንቺ ብቻ ነው። ለሌላው ካልኩ ሥራው ይቆማል” አላት።

እትዬን አየቻቸው። ጉልበታቸውን በፋሻ ጠምጥመው፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ያጥፋሉ። ለእሳቸው ይሁን ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን “ጌታ ይባርክዎ” የሚል ቃል ነው።

“ተቀመጪ ልጄ” አሉ እትዬ። “አንዳችን እንኳ እንረፍ።”

ቀኑን ሙሉ ያን ንግግር በልቧ ስታገላብጥ ዋለች። ሽሙጥ ፈለገችበት፤ አጣች። ቢኖርበት ይቀላት ነበር።

መጀመሪያ ላይ አለቃው ዞር ሲል ተነስታ እትዬን ታስቀምጣቸው ነበር። አንድ ጊዜ ድንገት ገብቶ ሁለቱንም አያቸው። ወንበሩን ገርመም አድርጎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፈራች። ልነሳ ልነሳ እያለች ትውላለች፤ እግሯ ደግሞ እየተሻለው ሄደ። በኋላ ማሰቡንም ተወችው።

እትዬ የወደቁት እርጥብ አንሶላ ተሸክመው ሲዞሩ ነው። ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ዳሌያቸው ተሰበረ። አለቃው ራሱ አቅፎ መኪና ውስጥ አስገባቸው። እሑድም መድረክ ላይ ወጥቶ እያለቀሰ ጸለየላቸው። ልቅሶው የውነት ነበር።

ተኳሿ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች። በልጃቸው ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተኝተዋል። የእህቷን ሠርግ ጠየቋት፤ እንዴት እንዳማረ ነገረቻቸው። ከዚያ እንደምንም ብላ፣ “እትዬ፣ ያኔ ወንበሩን…” ስትል፣

“ተይው እሱን” አሏት። “ይልቅ በኔ ቦታ ማን ገባ?”

“አንዲት ሴት። ከአራስ ቤት ከወጣች ገና ብዙም አልሆናት።”

“ቆማ ነው የምትሠራው?”

“ቆማ ነው።”

“አንቺ አለሽላት” አሉ እትዬ፣ እጇን እየዳበሱ።

በማግስቱ አዲሷ ሴት አንዱን እግሯን አሳርፋ በሌላው እየቆመች አንሶላ ታጥፍ ነበር። አንዴ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፈገግ አለችላት። ተኳሿ ካውያዋን አነሳችና፣ ካለችበት ሳትነሳ፣ ቀጣዩን ሸሚዝ ዘረጋች።